ክፉ ሰዎች፣ የሙት ልጆችና ብዙ ሳቅ፦ ጨለም ያለ ቀልድ ካላቸው የልጆች መጻሕፍት የቱ ለየትኛው ልጅ?

ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ለሚሆነው ልጁ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሊገዛ የወጣ ወላጅ ብዙ ጊዜ ግራ ይጋባል። ልጆቹ ተሻምተው የሚያነቧቸው መጻሕፍት ውስጥ እናትና አባት ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ይሞታሉ፤ ባል ሚስቱን ፊኛ ላይ አስሮ ወደ ሰማይ ይለቃታል፤ አያት እያነሰች እያነሰች ሄዳ ድራሿ ይጠፋል። ልጁ ደግሞ ይህን ሁሉ እያነበበ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሽፋኑ ጀርባ ላይ የታተመው የዕድሜ ቁጥር ብዙም አይረዳም። ቃላቱ ይከብዱት እንደሆነ ይናገር ይሆናል እንጂ ቀልዱ ይከብደው እንደሆነ አይናገርም።

እኔ የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። ክፋቱ የሚወርደው በማን ላይ ነው? መጨረሻ ላይስ ማን ምን ሆኖ ይቀራል? እነዚህ ከተመለሱ የቀረው የልጁ ጣዕም ነው። ክፋት በመኖሩ ብቻ የምንደነግጥበት ምክንያት የለም፤ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያልን ያደግን ሰዎች ጅብ አህያዋን ሲዘነጥላት እየሰማን ነው እንቅልፍ የወሰደን።

የዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ሥሩ ሩቅ ነው። ሃይንሪክ ሆፍማን የተባለ የፍራንክፈርት ሐኪም በ1844 ለገና፣ ለሦስት ዓመት ልጁ የሚሆን መጽሐፍ ቢፈልግ የሚወደው አጣና ራሱ ጽፎ ራሱ ሣለው፤ በዓመቱም በሌላ ርእስ ታተመ፤ ኋላ «ሽትሩቨልፔተር» ተባለ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዷቸው።) በክብሪት የተጫወተችው ልጅ አመድ ሆና ትቀራለች፤ አውራ ጣቱን መጥባት አልተው ያለው ልጅ ጣቶቹ በመቀስ ይቆረጣሉ። እዚያ የሚቀጣው ልጁ ነው። የዛሬዎቹ ደራስያን ግን ነገሩን ገልብጠውታል፤ ወይ አዋቂው ይቀጣል፣ ወይ ደግሞ ምንም ያላጠፋ ልጅ ላይ መከራ ይዘንብና ተራኪው ከጎኑ ቆሞ እያዘነ ያስቃል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አንደኛው ወገን ልጁን ያስፈነድቀዋል፤ ሁለተኛው እያሳቀው ያስጨንቀዋል።

አዋቂው የሚቀጣባቸው

ይህን ዓይነት ቀልድ ቀምሶ ለማያውቅ ልጅ መጀመሪያ የምሰጠው የሮአልድ ዳልን «ዘ ትዊትስ» ነው። በ1980 የወጣ፣ መቶ ገጽ አካባቢ የሆነ መጽሐፍ ነው። ምዕራፎቹ አጫጭር ስለሆኑ ማንበብ የሚታክተው የሰባት ዓመት ልጅ እንኳ በአንድ ማታ አራት አምስቱን ጨርሶ ይኮራል። ሚስተር ትዊትና ሚስስ ትዊት ባልና ሚስት ናቸው፤ ሥራቸው እርስ በርስ መጎዳዳት ነው። የባልየው ጺም ውስጥ የሻገተ አይብና የሰርዲን ጭራ ተሰግስጓል። ሚስትየዋ የመስታወት ዓይኗን አውልቃ ቢራው ውስጥ ትጨምርበታለች። እሱ እንቁራሪት አልጋዋ ውስጥ ይወሽቅባታል። እሷም በተራዋ ፓስታው ውስጥ ትል ቀላቅላ ታቀርብለታለች።

ልጆች ደጋግመው የሚያስነብቡት ግን የከዘራውን ታሪክ ነው። ባልየው ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ሚስቱ ከዘራ ጫፍ ላይ ስስ እንጨት ይለጥፋል፤ ውፍረቱ ከሳንቲም አይበልጥም። የወንበሯም እግሮች ላይ እንዲሁ ያደርጋል። በጥቂት በጥቂቱ ስለሚጨምረው እሷ አታውቅም። አንድ ቀን ስትቀመጥ እግሯ መሬት አልደርስ ይላታል፤ ከዘራው ቁመቷን ሊያክል ደርሷል። ያኔ ባሏ ፊቱን አስረዝሞ «እያነስሽ ነው» ይላታል። ልጁ እንጨቱ ሲለጠፍ አይቷል፤ ሴትዮዋ አላየችም። ከአዋቂ ቀድሞ ማወቅ ለትንሽ ልጅ እንዴት ያለ ደስታ እንደሆነ እዚህ ገጽ ላይ ፊቱን ብቻ ማየት ይበቃል። ቀጥሎ ባልየው «ላስረዝምሽ» ብሎ እግሯን ከመሬት ያስርና በፊኛ ወደ ላይ ይወጥራታል፤ ከዚያም ገመዱን ይቆርጠዋል።

በወረቀት ላይ እንዲህ ሲነገር ሚስቱን የሚያሠቃይ ባል ታሪክ ነው። የሚያድነው የሠዓሊው የኩዌንቲን ብሌክ እጅ ነው። የብሌክ መስመር የሚንቀጠቀጥ፣ ተቸኩሎ የተሣለ የሚመስል ነው፤ ክፉው ሰውዬ ራሱ ከዚያ ብዕር ሲወጣ ከማስፈራቱ ይልቅ ያስቃል። መጽሐፍ ቤት ቆማችሁ ስትመርጡ መጀመሪያ ሥዕሎቹን አገላብጡ የምለው ለዚህ ነው። ጽሑፉ ምን ያህል እንደሚጨክን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ሠዓሊው ነው።

መጨረሻው ይህ ነው፦ ባልና ሚስቱ የሚያሠቃዩአቸው ጦጣዎችና የሚያጠምዷቸው ወፎች ተባብረው የቤቱን ዕቃ ሁሉ ኮርኒሱ ላይ በሙጫ ይለጥፉታል። ባልና ሚስቱ ቤቱ የተገለበጠ መስሏቸው በጭንቅላታቸው ይቆማሉ፤ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ሲያንሱ ሲያንሱ ሄደው በመጨረሻ የሚገኘው ልብሳቸው ብቻ ነው። ሁለት ሰው ሞተ። ግን ክፋቱ በክፉዎቹ ላይ ወረደ፣ ደካሞቹም ነፃ ወጡ፤ ልጅ ከዚህ በኋላ ቅዠት የሚያይበት ነገር የለም።

ስትገዙ አንድ ነገር ተመልከቱ። በ2023 አሳታሚው ፓፊን የዳልን መጻሕፍት ቃላት በየቦታው ማለሳለሱ ተሰማና ትልቅ ጫጫታ ተነሣ፤ ከጫጫታው በኋላ ዋናው ጽሑፍም «ክላሲክ» በሚል ስም ጎን ለጎን እንደሚታተም ተገለጸ። በለሰለሰው እትም ሚስስ ትዊት «አስቀያሚ» መባሏ ቀርቶ «አረመኔ» ብቻ ሆናለች። ዳል ግን ሴትዮዋ አስቀያሚ ሆና አልተወለደችም፣ ክፉ ማሰብ ነው ፊቷን ያበላሸው ብሎ ነው የጻፈው፤ ስለዚህ እኔ የቀድሞውን እመርጣለሁ። የሁለተኛ እጅ ቅጂ ካገኛችሁ ርካሽም ነው፣ ያልተነካም ነው።

የዚሁ ደራሲ «ጆርጅስ ማርቨለስ መዲሲን» (1981) ብዙ ጊዜ ከትዊትስ ጋር አንድ ላይ ይመከራል። እኔ ግን እለያቸዋለሁ። እዚህ የሚቀጣው አዋቂ አያት ናት፤ ነጭናጫና ክፉ አሮጊት ናት እውነት ነው፣ ቢሆንም የልጅ ልጇ ከሻምፑ፣ ከቀለም፣ ከሞተር ዘይትና ከከብት መድኃኒት የቀመመውን ያጠጣታል፤ በመጨረሻም አንሳ አንሳ ትጠፋለች። እማማ ወይም አያቴ የምትባል ሴት ሳሎን ተቀምጣ መቁጠሪያዋን በምትቆጥርበት ቤት፣ ልጁ እየሳቀ ታሪኩን ሊተርክላት ቢሮጥ ምን እንደሚከተል አስቡት። መጽሐፉ ራሱ «ይህን ቤታችሁ እንዳትሞክሩ» የሚል ማስጠንቀቂያ አለው። ኬሚካል የሚነካካ ልጅ ካላችሁ ማስጠንቀቂያውን ሁለቴ አንብቡለት፤ ወይም ይህን ዝለሉትና ሌላ ያዙ።

ከሳቁ ወደ ፍርሃቱ የሚያደላው «ዘ ዊችስ» (1983) ነው። ልጁ ወላጆቹን በመኪና አደጋ ያጣል፤ ኖርዌያዊት አያቱ ታሳድገዋለች፤ ጠንቋዮች አይጥ ያደርጉታል፤ አይጥ ሆኖም ይቀራል። ተመልሶ ሰው አይሆንም። አያቱ ሰው የነበረ አይጥ ዘጠኝ ዓመት ያህል ሊኖር እንደሚችል ትነግረዋለች፤ እሷም አርጅታለችና አብረው እንደሚሞቱ ሲረዳ ደስ ይለዋል። ለልጆች ከተጻፉ መጨረሻዎች ይህን የሚያህል ደፋር ጥቂት ነው፤ አምርሬ እወደዋለሁ። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን አልሰጥም። በ1990 የወጣው ፊልም መጨረሻውን ለውጦ ልጁን ሰው አድርጎ መልሶታል። ዳል በዚህ ተቆጥቶ ነበር። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ልጅ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ስለሚደናገጥ ቀድማችሁ ንገሩት።

የአንዲ ስታንተን «ሚስተር ገም» ሌላ ዓለም ነው። የመጀመሪያው በ2006 የወጣ ሲሆን የሣለው ዴቪድ ታዚማን ነው። ሚስተር ገም ልጅና እንስሳ የሚጠላ፣ ቤቱ በቆሻሻ የተሞላ፣ ግን ግቢው በአበባ ያማረ ሰው ነው። ግቢው ለምን አማረ ብትሉ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ የምትኖር አንዲት ቁጡ ፌሪ (አስማተኛ የተረት ፍጡር) ግቢው ከተዝረከረከ በመጥበሻ ትመታዋለች። ጄክ የሚባል ግዙፍ ውሻ ግቢውን ስላመሰቃቀለበት በአይጥ መርዝ ሊገድለው ያቅዳል፤ ሴራውን የሚያከሽፉት ፖሊ የምትባል ልጅና አንድ አዛውንት ወዳጇ ናቸው። አዛውንቱ ከመሬት ተነስቶ የማይገናኝ ነገር የሚጮህ ሰው ነው። ሴራው ይህን ያህል ነው። ቀልዱ ያለው በአወራሩ ነው፤ ደራሲው ዓረፍተ ነገሩን መሐል መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል፣ ሆን ብሎ የተሳሳተ እንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ከአንባቢው ጋር ይጨቃጨቃል።

ስለዚህ ይህ መጽሐፍ የሚሆነው እንግሊዝኛው ለተፈታ ልጅ ነው። ለንደን ወይም ዋሽንግተን ተወልዶ ያደገው ልጅ ወለል ላይ ይንከባለላል፤ ቋንቋውን በትምህርት ቤት ብቻ የሚያገኘው ልጅ ግን የተበላሸውን ከደህናው መለየት ስለሚያቅተው ቀልዱ ያልፈዋል፣ ሲብስም ስህተቱን ይማራል። ለእሱ ትዊትስ ይሻለዋል። እዚያ የሚያስቀው የሚደረገው ነገር ስለሆነ፣ ማታ አጠገቡ ተኝታችሁ እያያችሁ በአማርኛ ብትተርኩለት እንኳ ቀልዱ አይሞትም።

ልጁ ላይ መከራ የሚዘንብባቸው

አሁን ወደ ትልቁ እንምጣ። «ኤ ሲሪስ ኦፍ አንፎርቹኔት ኢቨንትስ»፣ የመከራዎች ሰንሰለት እንበለው፣ ከ1999 እስከ 2006 የወጡ 13 መጻሕፍት ናቸው። ሽፋኑ ላይ ያለው ሌመኒ ስኒኬት የሚለው ስም የዳንኤል ሃንድለር የብዕር ስም ነው፤ የተረቱ ተራኪም ራሱ ስኒኬት ነው።

ሦስቱ የቦድሌር ልጆች ባሕር ዳርቻ ላይ ብቻቸውን ሲጫወቱ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ሰው ይመጣል። የቤተሰቡ ባንክ ሠራተኛ ሚስተር ፖ ነው፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው መሐረቡ ውስጥ እየሳለ ቤታቸው እንደተቃጠለና ወላጆቻቸው እንደሞቱ ይነግራቸዋል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ገጾች ነው። ከዚያ ለካውንት ኦላፍ ይሰጣሉ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የዓይን ንቅሳት ያለበት፣ ውርሳቸውን የሚፈልግ መናኛ ተዋናይ ነው። የ14 ዓመቷ ቫዮሌት ነገር ትፈጥራለች፤ የ12 ዓመቱ ክላውስ ያነበበውን አይረሳም፤ ሕፃኗ ሰኒ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች። በየመጽሐፉ አዲስ አሳዳጊ፣ በየመጽሐፉ ልብስ ለውጦ የሚመጣ ኦላፍ፣ በየመጽሐፉ ልጆቹን የማያምን አዋቂ አለ።

ቀልዱ ከምን እንደሚመጣ ልብ በሉ። መከራው ራሱ አያስቅም። የሚያስቀው ተራኪው ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ «ደስ የሚል መጨረሻ ከፈለጋችሁ ይህን አስቀምጡና ሌላ አንብቡ» እያለ ይለምናል፤ ከባድ ቃል ሲጠቀም ታሪኩን አቁሞ ትርጉሙን፣ አንዳንዴም ለዚያ ሁኔታ ብቻ የሚሠራ አስቂኝ ትርጉም ይሰጣል። በቤቱ አማርኛ፣ በትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ለሚናገር ልጅ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። መዝገበ ቃላት ሳይከፍት ቃል ይለቅማል፤ ደግሞም የተናቀ አይመስለውም፤ ተራኪው ለሁሉም ነው የሚያስረዳው።

አዋቂዎች ልጆቹን አለማመናቸው ሌላው ነጥብ ነው። ሚስተር ፖ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ የበዛበት፣ የሚስል፣ የማይሰማ ሰው ነው። «እሺ እሺ በኋላ ንገረኝ» የተባለ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ ወላጆች ስናነበው ትንሽ የምንሸማቀቅበት ገጸ ባሕርይ ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ሴራ ግን ቀድማችሁ ልታውቁት ይገባል። ኦላፍ ክላውስን በጥፊ ይመታዋል። ሕፃኗን በወፍ ማጎሪያ ውስጥ ከግንብ ላይ ያንጠለጥላታል። ሀብቱን ለመውሰድም የ14 ዓመቷን ቫዮሌትን በቴአትር አሳብቦ በሕግ የሚጸና ጋብቻ ሊፈጽምባት ይሞክራል። ልጅቷ በብልሃት ታመልጣለች። ለአሜሪካዊ አንባቢ ይህ ከእውነት የራቀ ቅዠት ነው፣ ስለዚህም ይሳቅበታል። ያለዕድሜ ጋብቻ የእናቶቻችንና የአክስቶቻችን ታሪክ በሆነበት ቤት ግን እንዲሁ በሳቅ ብቻ አይታለፍም። አትስጧቸው አልልም። የአሥር ዓመት ሴት ልጅ ይህን አንብባ ጥያቄ ብታነሳ መልካም ወሬ ይወጣዋል፤ ግን አጠገቧ ሁኑ።

ሥዕሎቹ የብሬት ሄልኲስት ናቸው፤ ጥላ የበዛባቸው፣ ፊቶቹ ሾጠጥ ያሉ፣ ከብሌክ ጋር ሲተያዩ ክብደት ያላቸው ናቸው። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ሥዕል ፈላጊ ልጅ ይሰለቻል። የመጨረሻው ሥዕል ውስጥ ደግሞ ስለሚቀጥለው መጽሐፍ ፍንጭ ይደበቃል። ይህን ያወቀ ልጅ ገጹን አፍጥጦ ነው የሚያየው፤ በድምፅ ብቻ የሚያዳምጥ ልጅ ግን ያመልጠዋል።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ተከታታዩ መልኩን መለወጡን ነው። የመጀመሪያው 160 ገጽ አካባቢ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ከ300 ያልፋሉ። ከሰባተኛው በኋላ ልጆቹ ከአሳዳጊ ወደ አሳዳጊ መተላለፋቸው ይቀርና በሐሰት ተወንጅለው ይሸሻሉ፤ ራሳቸውም ይዋሻሉ፣ ይሰርቃሉ፣ ወደ መጨረሻው ሆቴል ሲቃጠል እጃቸው አለበት። «ክፉ ሰውና ደግ ሰው» የሚለው መስመር ይደበዝዛል። ለእኔ ተከታታዩ ትልቅ ሥራ የሚሆነው እዚህ ነው፤ በዘጠኝ ዓመቱ የጀመረ ልጅ እዚህ ሲደርስ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። ምሥጢሮቹ ሁሉ አይፈቱም፤ መልስ የሚወድ ልጅ መጨረሻውን ሲዘጋ ይናደዳል።

የሎይስ ላውሪ «ዘ ዊሎቢስ» (2008) በዚህ ወገን ቢመደብም ልቡ ቀለል ያለ ነው። አራት ልጆች አሉ፤ ሁለቱ መንትዮች በርናቢ ኤ እና በርናቢ ቢ ተብለው አንድ ሹራብ በፈረቃ ይለብሳሉ። ልጆቹ የሙት ልጅ መሆን ያምራቸዋል፤ ወላጆቹም በበኩላቸው ልጆቹን ለሞግዚት ጥለው ይሄዱና ቤቱን እነሱው እያሉበት ያሸጡታል። ወላጆቹ በመጨረሻ ተራራ ላይ በረዶ ሆነው ይቀራሉ፣ ማንም አያለቅስላቸውም። ደራሲዋ ሥዕሉንም ራሷ ሠርታዋለች፣ ከኋላም አስቂኝ መፍቻ አለው። እያሾፈች ያለችው በድሮዎቹ የየቲም ልጅ ልብ ወለዶች ላይ ስለሆነ ሁለት ሦስቱን ያነበበ ልጅ ይበልጥ ይስቃል። ያላነበበም አይከፋውም። አንድ መጽሐፍ ብቻ፣ ረጅም ተከታታይ ሳይጎትት፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ካላችሁኝ ይህን ነው የምሰጠው።

መብራት ሲጠፋ የሚፈራ፣ ግን የክፍል ጓደኞቹ ስለ ጭራቅ ሲያወሩ መቅረት የማይፈልግ ልጅም አለ። ለእሱ የሎራ ኤለን አንደርሰን «አሚሊያ ፋንግ» (2017) አለችለት። ጭራቆቹ ደጎች ናቸው፤ ቫምፓየሯ ልጅ የቤት እንስሳዋ ዱባ ነው። ጨለማው የግድግዳ ቀለም ብቻ ነው፤ አሥር ዓመት የሞላው ግን «የሕፃን ነው» ብሎ ይመልስላችኋል።

ቤተሰብ ውስጥ በቅርቡ ሐዘን ከገባ የስኒኬትን መጽሐፍም «ዘ ዊችስን»ም ለጊዜው አቆዩአቸው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ወላጅ የሚሞትበትን መጽሐፍ የሐዘኑ ድንኳን ከፈረሰ በሳምንቱ ለልጅ ማቀበል አይሆንም፤ በዚያ ጊዜ ሚስተር ገምና መጥበሻው ይበልጥ ይጠቅማሉ። በተቃራኒው ደግሞ ከዓመት በኋላ ራሱ መርጦ የቦድሌርን ልጆች ታሪክ ያነሳ ልጅ ካለ አትንጠቁት።

13ቱን በአንድ ሣጥን የሚሸጠውንም ወዲያው አትግዙ። የመጀመሪያውን ከቤተ መጻሕፍት ተዋሱ ወይም ያገለገለ ፈልጉ፤ ልጁ ሁለተኛውን ሳትጠይቁት ከጠየቃችሁ ቀጥሉ። ዝም ካለ የ2004ቱ ፊልም የመጀመሪያዎቹን ሦስት መጻሕፍት አንድ ላይ ጨምቆ ስለያዘ እሱን አብራችሁ አይታችሁ ወደ ሌላ እለፉ።